ጉንዳኗና እኛ፦ ከሱለይማን ሸለቆ እስከ ዶርማችን

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም



ከቤት የመጣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ስኳር ወይም ቴምር ሎከሩ ውስጥ ያስቀመጠ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ለፈጅር ሲነሳ ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ ሎከሩ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ጥቁር መስመር ያገኛል። ጉንዳኖች ናቸው። በረመዳን ደግሞ የኢፍጣርና የሱሑር ምግብ ዶርም ውስጥ ስለሚያድር ነገሩ ይብሳል።

በዚህ ጊዜ አራት ዓይነት ሰዎች እናያለን። አንዱ ፍሊት ይነፋባቸዋል። ሌላው የፈላ ውሃ ያፈስባቸዋል። ሦስተኛው በላይተር ያቃጥላቸዋል። አራተኛው «ጉንዳን መግደል ሐራም ነው!» ብሎ ሁሉንም ይከለክላል፤ የበሶውን ጣሳ ግን አይከድንም። አራቱም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ ስለ ጉንዳንም ሆነ ሸሪዓ ስለ ጉንዳን ምን እንዳለ ሳይጠይቁ ወደ ተግባር ገብተዋል። ኢማም ቡኻሪ በሶሒሕ ኪታባቸው እውቀት ከንግግርና ከሥራ እንደሚቀድም የሚገልጽ ባብ አስቀምጠዋል። በዛሬው ትምህርታችን ይህን መርሕ ይዘን በትንሿ ፍጡር ላይ እንሞክረዋለን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለማንም በማንነግረው ትንሽ ጉዳይ ላይ የምናደርገው ነገር የዲናችንን ደረጃ ያሳያል።

1. ጉንዳን በቁርኣን

ከቁርኣን ምዕራፎች መካከል ሁለቱ በሦስት አጽቄዎች ስም ተሰይመዋል፤ 16ኛው አን-ነሕል (ንብ) እና 27ኛው አን-ነምል (ጉንዳን)። 29ኛው አል-ዐንከቡት በሸረሪት ስም ነው፤ ሸረሪት ግን 8 እግር ስላላት ከሦስት አጽቄዎች አትቆጠርም። ከዚህ ሌላ ትንኝ (2፡26)፣ ዝንብ (22፡73)፣ አንበጣ (7፡133 እና 54፡7) እና የሚበተን የእሳት እራት (101፡4) ተጠቅሰዋል። ሰው ንቆ የሚያልፋቸውን ፍጡራን አላህ (ሱ.ወ) ምሳሌ አድርጎ አቅርቧቸዋል።

የጉንዳኗ ታሪክ በሱረቱ-ን-ነምል 18ኛውና 19ኛው አንቀጽ ላይ ይገኛል። ነቢዩሏህ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ከጂን፣ ከሰውና ከአዕዋፍ የተውጣጣ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ጉንዳኖች ሸለቆ ደረሱ። አንዲት ጉንዳን ወገኖቿን ጠርታ ወደ መኖሪያቸው እንዲገቡ አዘዘች፤ ሱለይማንና ሠራዊታቸው ሳያውቁ እንዳይረግጧቸው ሰጋች። ሱለይማንም ንግግሯን ሰምተው በፈገግታ ሳቁ። ወዲያውም በእርሳቸውና በወላጆቻቸው ላይ ለተዋለው ጸጋ አመስጋኝ እንዲያደርጋቸው፣ መልካም ሥራም እንዲሠሩ እንዲያግዛቸው ጌታቸውን ለመኑ።

ሙፈሲሮች ከዚህ አጭር ታሪክ ብዙ ትምህርት አውጥተዋል። ሁለቱን ብቻ እናንሳ። አንደኛ፣ ጉንዳኗ ራሷን ብቻ ይዛ ወደ ጉድጓዷ አልሮጠችም፤ አስቀድማ ወገኖቿን አስጠነቀቀች። ሁለተኛ፣ ሱለይማንን አልወነጀለችም፤ ቢረግጡንም ሳያውቁ ነው ብላ ዑዝር ሰጠቻቸው። አንድ ወንድማችን ሰላምታችንን ሳይመልስ ሲያልፍ «ኮራብን» ለማለት የምንቸኩል ሰዎች ከዚህች ጉንዳን ሑስኑ-ዘንን መማር ይገባናል።

የሱለይማን (ዐ.ሰ) ታሪክ መጨረሻም ከአንዲት ትንሽ ፍጡር ጋር ይገናኛል። በሱረቱ ሰበእ (34፡14) እንደተነገረው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እንደቆሙ ሞቱ፤ ሲሠሩላቸው የነበሩት ጂኖችም መሞታቸውን ያወቁት የምድር ተንቀሳቃሽ ምርኩዙን በልታ ሲወድቁ ነው። ሙፈሲሮች ይህችን ፍጡር ምስጥ ናት ይላሉ። ያን ሁሉ ንግሥና የያዘ ሰው፣ በሕይወቱ ከጉንዳን ተማረ፤ ሞቱ ደግሞ በምስጥ ታወቀ።

2. ስለ ጉንዳን የሚያስደንቁ እውነታዎች

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም (6፡38) በምድር ላይ ያሉ እንስሳትና በክንፋቸው የሚበሩ ወፎች ሁሉ እንደኛ «ኡመሞች» መሆናቸውን ነግሮናል። ጉንዳንን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይህ ቃል ይገባዋል።

ሀ. ቁጥራቸው፦ ሳይንቲስቶች እስካሁን ከ14,000 በላይ የጉንዳን ዝርያዎችን ለይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት በምድር ላይ ያሉትን ጉንዳኖች 20 ኳድሪሊዮን ገደማ ብሎ ገምቷል፤ ከ20 ቁጥር በኋላ 15 ዜሮ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 2.5 ሚሊዮን ገደማ ይደርሰዋል። እንደ ጥናቱ ግምት የሁሉም ጉንዳኖች ክብደት ተደምሮ ከዱር አዕዋፍና ከዱር አጥቢ እንስሳት አጠቃላይ ክብደት ይበልጣል።

ለ. ሠራተኞቹ ሴቶች ናቸው፦ ሎከራችን ውስጥ የምናያቸው ጉንዳኖች በሙሉ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ክንፍ አውጥተው ለተራክቦ ይበራሉ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። ንግሥቷ ግን ረጅም ዕድሜ አላት፤ የአንዲት ጥቁር የጓሮ ጉንዳን ዝርያ ንግሥት በሰው እንክብካቤ ከ28 ዓመት በላይ ኖራለች።

ሐ. ሳንባም ጆሮም የላቸውም፦ የሚተነፍሱት በሰውነታቸው ጎን ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። የሚነጋገሩት በአብዛኛው በሽታ ነው። ምግብ ያገኘች ጉንዳን ወደ ቤቷ ስትመለስ ፌሮሞን የሚባል የሽታ ምልክት መሬት ላይ እየነካች ትሄዳለች፤ ሌሎቹ ያንን ተከትለው ይወጣሉ፤ እነሱም ሲመለሱ ምልክቱን ያጠናክራሉ። ግድግዳው ላይ የምናየው ቀጥ ያለ መስመር ይህ ነው። አደጋ ሲመጣ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ሽታ ይረጫሉ።

መ. ሁለት ሆድ አላቸው፦ አንደኛው የራሷ ነው። ሁለተኛው የጋራ ነው፤ ፈሳሽ ምግብ ይዛበት ወደ ቤት ትመለስና ከአፏ አውጥታ ለእህቶቿ፣ ለንግሥቷና ለጫጩቶቹ ታካፍላለች። የጠገበችዋ የራበችውን ታጎርሳለች ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሠ. እርምጃ ይቆጥራሉ፦ በሰሃራ በረሃ አሸዋው ስለሚግል የሽታ ምልክት አይቆይም። እዚያ የሚኖር አንድ የጉንዳን ዝርያ ወደ ቤቱ የሚመለሰው አቅጣጫን ከፀሐይ ብርሃን፣ ርቀትን ደግሞ ከእርምጃው ብዛት እያሰላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች ምግብ ላይ የደረሱ ጉንዳኖችን እግር በቀጭን ዘንግ አስረዘሙ፤ ሲመለሱ ጉድጓዳቸውን አልፈው ሄዱ። እግራቸው ያጠረው ደግሞ ሳይደርሱ ቆሙ። የእርምጃው ቁጥር ትክክል ነበር፤ የተለወጠው የእርምጃው ርዝመት ነው።

ረ. ምስጥ ጉንዳን አይደለም፦ የጉንዳን የቅርብ ዘመዶች ንብና ተርብ ናቸው። የምስጥ ዘመድ ግን በረሮ ነው። በቦረና ሜዳዎች ላይ ከሰው ቁመት በላይ የሚቆሙትን ኩይሳዎች የሚገነቡት ምስጦች ናቸው። በደንና በእርጥብ አካባቢ ያደግን ሰዎች የምናውቀው፣ እንደ ጎርፍ ሰልፍ ይዞ የሚሄደው ገብረ ጉንዳን ደግሞ እውነተኛ ጉንዳን ነው፤ ሠራተኞቹ ግን ዓይን የላቸውም። ያ ሁሉ ሰልፍ የሚመራው በሽታና በመነካካት ነው።

3. የ«መስታወቱ» ወሬ

በቴሌግራምና በፌስቡክ ደጋግሞ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። በጽሑፉ መሠረት በ27፡18 ላይ የገባው ቃል የመስታወት መሰባበርን የሚያመለክት ነው፤ ከዚያም አንድ የውጭ ሳይንቲስት የጉንዳን ሰውነት ከመስታወት የተሠራ መሆኑን አግኝቶ ሰለመ ይላል። ብዙ ወንድሞችና እህቶች ለዲናቸው ካላቸው ፍቅር የተነሳ ሼር ያደርጉታል።

እንመርምረው። የጉንዳን ውጫዊ ሽፋን በዋናነት የተሠራው ካይቲን ከሚባል ንጥረ ነገርና ከፕሮቲን ነው። የአንበጣ፣ የጥንዚዛና የበረሮ ሽፋንም እንዲሁ ነው፤ መስታወት አይደለም። የዐረብኛው ቃልስ? የ«ሐ-ጠ-መ» ሥር መድቀቅንና መሰባበርን ያሳያል እንጂ ለመስታወት ብቻ የተለየ አይደለም። ቁርኣን ራሱ ይኸው ሥር ያለውን ቃል ደርቆ ለሚደቅ አዝመራ (39፡21፣ 56፡65 እና 57፡20) ተጠቅሞበታል። «አል-ሑጠማ» የሚለው የጀሀነም ስምም (104፡4) ከዚሁ ሥር ነው። አዝመራ መስታወት አይደለም።

ጉንዳኗ በአንስታይ ጾታ መነገሯን ብቻ ይዘው እንደ ሳይንሳዊ ማስረጃ የሚያቀርቡም አሉ። ሠራተኛ ጉንዳኖች ሴቶች መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን «ነምላ» የሚለው ቃል በዐረብኛ ሰዋስው ራሱ አንስታይ ነው፤ ስለዚህ ክርክሩን በዚህ ላይ ብቻ መገንባት ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ይህን ለምን እናነሳለን? ቁርኣን የአላህ ቃል ነው፤ የሐሰት ድጋፍ አያስፈልገውም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ኢማኑን በእንዲህ ዓይነት ወሬ ላይ ካቆመ፣ ባዮሎጂ ክፍል ገብቶ ወሬው ሐሰት መሆኑን ባወቀ ቀን የሚናወጠው ወሬው ብቻ አይሆንም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት (49፡6) ዜና ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሁሉ ማውራት ሰውን ውሸታም ለማሰኘት በቂ መሆኑን አስተምረዋል። ዛሬ «ማውራት» የሚለው «ሼር ማድረግ»ንም ይጨምራል።

4. ጉንዳን መግደል እንዴት ይታያል?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስት ሐዲሶችን ማወቅ ይጠቅመናል። መልእክታቸውን በአጭሩ እናቅርብ።

የመጀመሪያው ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡት ነው። ከቀደምት ነቢያት አንዱን ጉንዳን ነከሰቻቸው፤ እርሳቸውም የጉንዳኖቹ መኖሪያ እንዲቃጠል አዘዙ። አላህም አንዲት ጉንዳን ስለነከሰችህ አላህን የምታወድስ ኡማ አቃጠልክ ወይ የሚል ወቀሳ አወረደባቸው። ሁለተኛው ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የተላለፈና አቡ ዳዉድ የዘገቡት ሲሆን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አራት ፍጡራን እንዳይገደሉ ከልክለዋል፤ ጉንዳን፣ ንብ፣ ሁድሁድና ሱረድ የሚባለው ወፍ። ሦስተኛው ከኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) የተላለፈ ሲሆን ይህንንም አቡ ዳዉድ ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሳሉ ሰሐቦች ያቃጠሉትን የጉንዳን መኖሪያ አይተው፣ በእሳት መቅጣት ከእሳት ጌታ በቀር ለማንም እንደማይገባ ተናገሩ።

ዑለሞች ከእነዚህ ምን ወሰዱ? ጉዳት የማታደርስ ጉንዳን እንዲሁ አትገደልም። ጉዳት የምታደርስ ከሆነ ግን ጉዳቱን መከላከል ይቻላል። ኢማም ማሊክ ጉንዳን መግደልን ይጠሉ ነበር፤ ከጎዳችና ከመግደል በቀር መከላከያ ከጠፋ ግን የተለየ መሆኑን ጠቁመዋል። አል-ኸጧቢ ደግሞ ክልከላው እግረ ረጅሟንና ብዙም የማትጎዳውን ትልቋን ጉንዳን እንደሚመለከት ገልጸዋል። ኢማም አን-ነወዊ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው በኛ ሸሪዓ እንስሳን በእሳት ማቃጠል እንደማይፈቀድ አስረድተዋል። ስለዚህ ላይተሩ ከጨዋታ ውጪ ነው። የፈላ ውሃም ጉድጓዳቸው ላይ መገልበጥ በሙቀት ማሠቃየት ስለሆነ ከዚሁ መራቅ ይገባናል።

አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ሻይ ውስጥ ጉንዳን ብትገባ ሻዩ ነጂስ ይሆናል? ዝንብ መጠጥ ውስጥ ስትወድቅ ምን እንደሚደረግ ከሚገልጸው የቡኻሪ ሐዲስ ተነስተው፣ አብዛኞቹ ዑለሞች ፈሳሽ ደም የሌላቸው ጥቃቅን ፍጡራን ቢሞቱበትም ምግቡን ነጂስ አያደርጉትም ይላሉ። አውጥቶ መጠጣት ይቻላል፤ ያስጠላው ሰው ቢተወው አይገደድም።

5. በዶርማችን ምን እናድርግ?

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር እናገኛለን። የተባይ ቁጥጥር ባለሙያዎች የሚመክሩት ቅደም ተከተልና ኢማም ማሊክ የጠቆሙት ቅደም ተከተል ይቀራረባሉ፤ መጀመሪያ መከላከል፣ መግደል በመጨረሻ።

መጀመሪያ ግን ፍሊት ለምን እንደማይሠራ እንረዳ። ከቤት ውጭ የምናያቸው ጉንዳኖች ከጠቅላላው ትንሽ ክፍል ናቸው። ንግሥቷ ውስጥ ሆና እንቁላል መጣሏን ትቀጥላለች፤ የሞቱት በሳምንታት ውስጥ ይተካሉ። ከዚህም የባሰ አለ። «የፈርዖን ጉንዳን» የምትባል 2 ሚሊ ሜትር የምታህል ብጫማ ጉንዳን አለች፤ ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1758 የሰጣት ሊኒየስ ነው። በሱረቱል አዕራፍ (7፡133) በፈርዖን ሕዝቦች ላይ ከተላኩት መቅሰፍቶች ውስጥ ጉንዳን የለችም፤ ስሙ ግን ቀርቷል። ይህች ዝርያ በቤተሰቧ ውስጥ ብዙ ንግሥቶች ስላሏት ፍሊት ሲነፋባት ተከፋፍላ በየክፍሉ አዲስ ቤት ትሠራለች። አንድ የነበረው ሦስት ይሆናል። በላዩ ላይ ስድስት ሰው በሚያድርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንሶላና ምግብ ባለበት፣ ፍሊት መንፋት አስም ላለበት ጓደኛችን አደጋ ነው። ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም በዲናችን የተከለከለ ነው።

ስለዚህ በቅደም ተከተል እንዲህ እናድርግ።

አንደኛ፣ ምግቡን እንከልክላቸው። በሶ፣ ስኳር፣ ማር፣ ቴምርና ዳቦ ቆሎ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ ይግቡ። በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ያኝኩታል። ከኢፍጣር በኋላ ፍርፋሪው ይጠረግ፤ የሻይ ብርጭቆው ሳይታጠብ አይደር። ቆሻሻው ማታውኑ ይውጣ።

ሁለተኛ፣ መስመሩን እናጥፋ። ፌሮሞኑ ካልጠፋ ነገ ሌሎች ይመጣሉ። መስመሩን በሳሙና ውሃ ወይም ውሃ በተቀላቀለበት አቼቶ በጨርቅ እናብሰው። ጉንዳኖቹን ቀድመን በመጥረጊያ ወደ ውጭ ብንመልሳቸው የሚሞቱት ያንሳሉ።

ሦስተኛ፣ መግቢያውን እንዝጋ። መስመሩን ተከትለን ወደ መነሻው እንሂድ። የግድግዳውን ስንጥቅ በስቱኮ መድፈን ይቻላል፤ ለጊዜው ደረቅ ሳሙና አሽቶ መሙላትም ይረዳል።

አራተኛ፣ በውሃ እንከልል። የምግብ ዕቃውን ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ባለበት ሰፊ ሳህን መሐል ማስቀመጥ፣ ወይም የጠረጴዛውን እግሮች ውሃ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ማቆም ይጠቅማል። ይህን እናቶቻችን ድሮም ያውቁታል።

አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ ጉዳቱ ካልቆመ ብቻ ማጥመጃ እንጠቀም። ሁለቱን ሆድ አስታወሳችሁ? ማጥመጃው የሚሠራው በዚያ ነው። በአንድ ኩባያ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቦሪክ አሲድ ይሟሟል። ጥጥ ነክሮ በቆርኪ ላይ መስመሩ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ሠራተኛዋ ጠጥታ ወደ ቤት ትወስደዋለች፤ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ንግሥቷ ጋ ይደርሳል። መጠኑን ከፍ ማድረግ ስህተት ነው፤ ጉንዳኗ ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ ትሞታለችና። ቦሪክ አሲድ ለሰው መርዝ ስለሆነ የተበጠበጠበት ዕቃ ላይ በትልቁ ይጻፍበት፤ ለምግብም አያገልግል፤ ሥራው ሲያበቃ ይወገድ። የተለየ ጥርጣሬ ያለው ወንድም ወይም እህት ከዚህ ደረጃ በፊት ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ።

ብዙ ጊዜ አምስተኛው ላይ ሳንደርስ ጉዳዩ ያልቃል። ሐራም ነው ብለን ጣሳ ካልከደንን ግን ጥፋቱ የጉንዳኗ አይደለም፤ አላህ የፈጠራት ሪዝቋን ፈልጋ እንድትወጣ ነው።

ማጠቃለያ

አንዲት ጉንዳን ስለነከሰች ኡማ ማቃጠል አልተፈቀደም። ይህ መርሕ ከጉንዳን በላይ ይሄዳል። አንድ ልጅ ስላስቀየመን ብሔሩን ሁሉ፣ አንድ መምህር ስለበደለን ዲፓርትመንቱን ሁሉ፣ አንዲት እህት ስለተሳሳተች ጀመዓውን ሁሉ የምንወቅስ ከሆነ፣ ያ ወቀሳ እኛንም ይመለከታል።

ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሰዎች መልካም ነገር ለሚያስተምር ሰው አላህ፣ መላእክትና የሰማይና የምድር ነዋሪዎች፣ ጉድጓዷ ውስጥ ያለችው ጉንዳንና ዓሣም ሳይቀሩ እንደሚሰልዩለት ተናግረዋል። እዚህ ግቢ የመጣነው ለእውቀት ነው። የተማርነውን ለሌላው ስናስተምር ዱዓ ከሚያደርጉልን መካከል አንዷ ያቺ በሎከራችን በኩል የምታልፈው ጉንዳን ናት። ለምታደርግልን ዱዓ በላይተር አንመልስላት።

ለሐለቃ ውይይት

• ጉንዳኗ ለሱለይማን (ዐ.ሰ) የሰጠችውን ዑዝር በዶርም ሕይወታችን እንዴት እንተግብረው?
• አንድ «ሳይንሳዊ ተአምር» የሚል ጽሑፍ ሲደርሰን ሼር ከማድረጋችን በፊት ምን ምን እናጣራ?
• በየክፍላችን ከአምስቱ ደረጃዎች የትኛው ይጎድላል? ለመጪው ረመዳን ማን ምን ኃላፊነት ይውሰድ?

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ እውቀትን ያላብሰን፤ ያወቅነውን የምንሠራበትም ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።